ሥራው የት ይተከል? ወደብ፣ ጥሬ ዕቃ፣ ትልቅ ከተማ ወይስ የሙያ መንደር

ሰው ለድርጅቱ ቦታ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኪራይ ነው። ካሬው በስንት ነው? መብራት ይጠፋል? መኪና ይገባል? ጥያቄዎቹ ክፋት የለባቸውም። ግን ሁሉም ስለ ቦታው ናቸው፤ ስለ ሥራው ምንም አይሉም። ቦታ ደግሞ ብቻውን ጥሩም መጥፎም አይባልም። ለስኳር ፋብሪካ ወርቅ የሆነ ቦታ ለሶፍትዌር ድርጅት ግዞት ነው።

እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከሌላ ጫፍ ነው። መንገድ የሚበላባችሁ ምንድን ነው? ዕቃ ነው? ሰው ነው? ወይስ ወሬ?

ዕቃ ከሆነ፣ የምታጓጉዙት ነገር ወይ ከባድ ነው ወይ ቶሎ ይበላሻል። ሰው ከሆነ፣ የምትፈልጉት ባለሙያ እናንተ ያላችሁበት ድረስ አይመጣም፤ ቢመጣም አይቆይም። ወሬ ስል ሐሜት ማለቴ አይደለም። የትኛው ገዢ ምን ፈለገ፣ ማን አዲስ ማሽን አስገባ፣ የትኛው አቅራቢ ዋጋ ጣለ የሚለውን ነው። ይህ ወሬ በስልክም ይመጣል። ግን ዘግይቶና ተሸራርፎ ነው የሚደርሰው።

ካርታው ራሱ አድሏዊ መሆኑን አስቀድመን እንመን። ራፓፖርትና ሳክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአሜሪካ ዋና ምድር የባሕርና የታላላቆቹ ሐይቆች ዳርቻ ወረዳዎች የመሬቱን 13 በመቶ ብቻ ይዘው ከገቢው 57 በመቶውን ያስገቡ ነበር። (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቻይና ውስጥ ሁ ሁዋንዮንግ የተባለ የጂኦግራፊ ምሁር በ1935 ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ ወዲህ፣ በምሥራቅ በኩል፣ የመሬቱ 36 በመቶና የሕዝቡ 96 በመቶ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጦርነት፣ አብዮትና የኢንዱስትሪ ዘመን መጣ። የሕዝቡ ድርሻ ዛሬም 94 በመቶ ገደማ ነው። ዝናቡ፣ ሜዳውና ወንዙ ከመስመሩ ወዲህ ናቸውና።

እንግዲህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። እኩል ቦታ አልሰጣቸውም፤ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል፣ አንዳንዱ ብዙ ያስወራል።

መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጡት

ፎን ቱነን የሚባል ጀርመናዊ ባለ ርስት በ1826 አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። ሜዳ መሃል አንድ ከተማ ቢኖር፣ ዙሪያውን ምን ይመረታል? መልሱ እንደ ቀለበት ተደራርቦ መጣለት። ወተትና አትክልት ከከተማው ጥግ፤ ስለሚበላሹ። ቀጥሎ እንጨት፤ በዚያ ዘመን ማገዶም የቤት ሥራም እንጨት ነበር፣ ደግሞም ከባድ ነው። ከዚያ እህል። ዳር ላይ ከብት። ከብት ራሱን በራሱ የሚያጓጉዝ ዕቃ ነው፤ ነድተው ያመጡታል።

ዘመኑ ተለውጧል፣ ማቀዝቀዣ መኪናም መጥቷል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። በ1909 አልፍሬድ ዌበር የተባለ ጀርመናዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር ይህንኑ ለፋብሪካ አዞረው። ሥራችሁ ክብደት ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና አብረን እናስላ። የቲማቲም ድልህ ልትሠሩ ነው እንበል። 1 ኪሎ ወፍራም ድልህ ለማውጣት 6 ኪሎ ገደማ ቲማቲም ያስፈልጋል። ፋብሪካው ማሳው አጠገብ ከሆነ ወደ ገበያ የሚጫነው 1 ኪሎ ነው። ፋብሪካው ከተማ ውስጥ ከሆነ 6 ኪሎ ጭናችሁ ትመጣላችሁ። ከ6ቱ 5ቱ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ድስቱ ላይ ተንኖ ለሚጠፋ ውኃ የጭነት ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ያውም ከሳጥኑ ሥር ያለው ቲማቲም ከላዩ በተጫነው እየፈረጠ፣ ጭማቂው መኪናው ወለል ላይ እየተንጠባጠበ።

ስኳር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። 1 ቶን ስኳር 10 ቶን ገደማ አገዳ ይፈልጋል። አገዳው ከተቆረጠ ጀምሮ በውስጡ ያለው ስኳር መቀነስ ይጀምራል። በአንድ ቀን ውስጥ ወፍጮ ካልገባ ኪሳራ ነው። በየትኛውም አህጉር የስኳር ፋብሪካ አገዳ መሃል ተተክሎ የምታዩት ለዚህ ነው።

መዳብ ትንሽ ብልጠት ያስተምራል። ከተራራ ተፈልፍሎ የሚወጣው ድንጋይ ውስጥ ያለው መዳብ ብዙ ጊዜ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። 99 እጁን ድንጋይ ማን ያጓጉዛል? ስለዚህ ቺሌ ውስጥ በአታካማ በረሃ ያለው የኤስኮንዲዳ ማዕድን ድንጋዩን እዚያው ፈጭቶ፣ መዳብ ያለበትን ዱቄት ከውኃ ጋር አዋህዶ በቧንቧ ወደ ባሕር ዳርቻ ያወርደዋል። ከቺሌ ከሚወጣው ከዚህ ዓይነቱ ዱቄት ብዙው የሚቀልጠው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ነው። ማለትም ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ክብደት የሚጥለው ክፍል ምንጩ ጋ፣ ሌላው ወደሚመቸው ቦታ። ብዙ ሰው ይህን አማራጭ ይረሳዋል። "ፋብሪካው እዚህ ወይስ እዚያ" ብሎ ይጨነቃል እንጂ "የትኛው ክፍል እዚህ፣ የትኛው እዚያ" አይልም።

ተቃራኒውም አለ። ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ውኃ፣ ዳቦ፣ ብሎኬት። እነዚህ ሲመረቱ ወይ ክብደት ይጨምራሉ፣ ወይ ቦታ ይይዛሉ፣ ወይ ይደርቃሉ። ቅመሙን ከሩቅ አምጥቶ ውኃውን እዚያው ከተማ ዳር መጨመር ነው የሚያዋጣው። ለእነዚህ ብዙ አታስቡ፤ ገዢው ጋ ሂዱ።

አንድ ጥሬ ዕቃ ግን ሚዛን ላይ አይወጣም። የኤሌክትሪክ ኃይል። 1 ቶን አሉሚኒየም ለማውጣት 4 ወይም 5 ቶን ቦክሳይት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማቅለጫው ቦክሳይቱ ጋ ነው የሚሆነው ትላላችሁ። አይደለም። ቦክሳይቱ መጀመሪያ ተጣርቶ 2 ቶን ገደማ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ለቶን 14 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ነው። አይስላንድ አንዲት ቁና ቦክሳይት የላትም። ግን ከ1969 ጀምሮ አሉሚኒየም ታቀልጣለች። ወንዟን ወደ ኃይል፣ ኃይሏን ወደ ብረት ቀይራ ነው በመርከብ የምትልከው።

ጥሬ ዕቃ አጠገብ ለመትከል ከወሰናችሁ አንድ ነገር ጠይቁ። ስንት ዓመት ይቆያል? ፖቶሲ የዛሬዋ ቦሊቪያ ውስጥ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በ1545 የብር ተራራ ተገኘባትና በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዓለም ትልልቅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ብሩ ሲሳሳ ሰውም ሳሳ። ብራዚል ውስጥ ማናውስ በጎማ ዛፍ ሀብት ጫካ መሃል በ1896 የኦፔራ ቤት መርቃ ነበር። ዛፉ እስያ ውስጥ በእርሻ መልክ መልማት ሲጀምር የማናውስ ገበያ ወደቀ። የመሬት ውስጥ ሀብት ያልቃል፤ የመሬት ላዩ ደግሞ ሌላ ቦታ ሊበቅል ይችላል።

ወደብ

ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አይዲል ኤክስ የምትባል መርከብ 58 የብረት ሳጥኖች ጭና ከኒው ጀርሲው ኒውአርክ ወደ ሂውስተን ሄደች። ሐሳቡ የማልኮም ማክሊን ነበር። የጭነት መኪና ባለቤት እንጂ የባሕር ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት መርከብ የሚጫነው በትከሻ ነው። ጆንያው፣ በርሜሉ፣ ካርቶኑ አንድ በአንድ ይወጣል፣ አንድ በአንድ ይወርዳል፣ መሃል ላይ ደግሞ ትንሽ ይጎድላል። ኮንቴነር ይህን ሁሉ ዘጋው። ባሕር ርካሽ መንገድ ሆነ።

ምን ያህል ርካሽ? ሊማኦና ቬናብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት ከአሜሪካዋ ባልቲሞር የሚላክ ባለ 40 ጫማ ኮንቴነርን ተከታተሉ። መንገዱ በባሕር 1,000 ኪሎ ሜትር ሲረዝም ወጪው በ190 ዶላር ይጨምራል። በየብስ 1,000 ኪሎ ሜትር ሲረዝም ግን በ1,380 ዶላር። ዋጋው ያረጀ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ንጽጽሩ ነው። የ7 ሺህ ኪሎ ሜትር ባሕርና የ1 ሺህ ኪሎ ሜትር የብስ ወጪያቸው አንድ ነው እንደማለት ነው። ወደብ ላይ ላለ ሰው ሌላ አህጉር ያለው ገዢ ከገዛ አገሩ የመሃል ከተማ ሊቀርበው ይችላል።

ስለዚህ ጥሬ ዕቃችሁ ከውጭ የሚገባ፣ ምርታችሁም ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ወደብ ያለ ጥርጥር ይቀድማል። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ከውጭ አስገብታችሁ መሃል አገር የምትሸጡ ከሆነ ወደብ ላይ መክረም ትርፉ ላይታይ ይችላል። መሬቱ ውድ ነው። መኪና ይሰለፋል። ጨው ያለው አየር ማሽን ያዝጋል።

ደግሞ ባሕር ዳርቻ ሁሉ ወደብ አይደለም። ትልልቆቹ የኮንቴነር መርከቦች ሞልተው ሲጫኑ እስከ 16 ሜትር ውኃ ውስጥ ይሰምጣሉ። ጥልቀቱ ቢገኝ ማዕበል የሚሰብር ነገር ያስፈልጋል። ሁለቱ ቢገኙ መርከቡ የሚያልፍበት መንገድ ላይ መሆን አለበት። ሲንጋፖር ትንሽ ደሴት ናት፤ ግን የማላካ ባሕረ ወሽመጥ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። በሕንድና በቻይና መካከል የሚመላለስ መርከብ በደጇ ነው የሚያልፈው። እናንተም ወደብ ስታወዳድሩ "ወደብ አለ ወይ" ብቻ አትበሉ። "በሳምንት ስንት መርከብ ይቆማል" በሉ። በወር አንድ ጊዜ መርከብ የሚመጣበት ወደብ፣ አንድ ቀን ካመለጣችሁ ወር ያስጠብቃችኋል።

አደጋውንም ልናገር። የጃፓኗ ኮቤ በ1994 ከዓለም የኮንቴነር ወደቦች ስድስተኛ ነበረች። በጥር 1995 የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ወደቡ ተጠገነ። ግን በዚያ መሃል መርከቦቹ የደቡብ ኮሪያዋን ቡሳንና ሌሎች ወደቦችን ለመዱ፤ ኮቤም የቀድሞ ቦታዋን ሳታገኝ ቀረች። በመጋቢት 2021 ደግሞ ኤቨር ጊቭን የምትባል አንዲት መርከብ ሱዌዝ ቦይ ውስጥ ተጋድማ ለ6 ቀን መንገድ ዘጋች። ርካሽ መንገድ ቀጭን አንገት አለው።

ባሕር የሌላቸውስ? በዓለም 44 ወደብ አልባ አገሮች አሉ። እነሱን የሚጎዳቸው ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይደለም። ኪሎ ሜትሩ ይታወቃል፤ በዋጋ ላይ ይደመራል። የማይታወቀው የቀኑ ቁጥር ነው። ኮንቴነሩ በ10 ቀን ሊደርስ ይችላል፣ በ30 ቀንም ሊደርስ ይችላል። ድንበር ላይ አንዲት ወረቀት ጎደለች ይባላል፤ በሰነዱ ላይ ያለ አንድ ፊደል ከማኅተሙ አይገጥምም ይባላል። ዲመሬጁ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያው፣ በየቀኑ ይቆጥራል። ስለዚህ ከባሕር የራቀ ሰው ቀላልና ውድ የሆነ ዕቃ ቢመርጥ ይሻለዋል። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም፤ የእጅ ሰዓትና መድኃኒት ትሸጣለች። የእጅ ሰዓት ሻንጣ ውስጥ ገብቶ በአውሮፕላን ይሄዳል። (እርግጥ ስዊዘርላንድ ባዝል ላይ ራይን ወንዝ አላት፣ ዙሪያዋም ሀብታም ገዢ ነው። ይህን ሳይናገሩ እሷን ብቻ ምሳሌ ማድረግ ሰውን ማታለል ነው።)

የአየር ማረፊያም ለአንዳንዱ ወደብ ነው። የኬንያዋ ናይቫሻ ከባሕር ሩቅ ናት። ግን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ለጽጌረዳ ይስማማል። ናይሮቢም ቅርብ ናት። አበባው ተቆርጦ፣ ቀዝቅዞ፣ ሳይጠወልግ አውሮፓ ይደርሳል። እዚህ ላይ መንገድ የሚበላው ዕቃውን ነው፤ ክብደቱ ግን ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ ስለሆነ አውሮፕላን ይችለዋል።

ወንዝና ባቡር

ይህን በአጭሩ ላልፈው። ኒው ዮርክ ከሌሎቹ የአትላንቲክ ወደቦች የላቀችው ወደቧ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። 584 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኢሪ ቦይ በ1825 ተከፍቶ ከታላላቆቹ ሐይቆች ጋር ስላገናኛት ነው። ከ100 ዶላር ገደማ የነበረው የቶን ጭነት ወደ 10 ዶላር ገደማ ወረደ። ወደብ ያለ ጀርባ ምንም ነው። የኔዘርላንድስ ወደብ ሮተርዳምም ያለ ራይን ወንዝ የዛሬዋን አትሆንም ነበር።

ወንዝ ግን ዝናብ ይከተላል። በ2018 እና በ2022 ራይን ሲጎድል ጀልባዎች ከሚጭኑት በጣም ያነሰ እየያዙ ለመሄድ ተገደዱ። ዳርቻው ላይ የተተከሉ የኬሚካል ፋብሪካዎች ተቸገሩ። ወንዝ ዳር ልትተክሉ ከሆነ አማካዩን ሳይሆን የዝቅተኛውን ወር የውኃ ልክ ጠይቁ። ባቡር ከሆነም እንዲሁ ነው። ሐዲዱ አለ ወይ ሳይሆን ስንት ጊዜ ይሄዳል፣ ማን ይቀድማል የሚለውን ጠይቁ።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ብቻ ልጨምር። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ወንዞቹ ከደጋው ወደ ሜዳው ሲወርዱ ፏፏቴ ይሠራሉ። ጀልባ ከዚያ ማለፍ ስለማይችል ዕቃ ይወርድ ነበር። ዕቃ በሚወርድበት ጫኝ አለ፣ ጫኝ ባለበት ምግብ ቤት አለ፣ እያለ እያለ ሪችመንድን የመሰለ ከተማ ተፈጠረ። ብሊክሊና ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት፣ ያ ጭነት የማውረድ ጥቅም ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ከተሞቹ እዚያው ናቸው። መጀመሪያ የጠራቸው ፏፏቴው ነበር። አሁን የያዛቸው የእርስ በርሳቸው መኖር ነው። ለመራጭ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከተማ የተቆረቆረበት ምክንያትና ዛሬ የቆመበት ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

ትልቅ ከተማ

አንድ ወዳጄ ከትልቅ ከተማ ወጥቶ ማሽኖቹን ራቅ ወዳለ ቦታ አዛወረ። ኪራዩ በግማሽ ወረደለት። ደስ አለው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት የዋናው ማሽን ኩሽኔታ ተቃጠለ። የጭስ ሽታ፣ የብረት ሲጥታ፣ ከዚያ ጸጥታ። ከተማ እያለ ቢሆን አንድ ልጅ በሞተር ሳይክል ልኮ በሰዓቱ ያስመጣው ነበር። እዚህ 3 ቀን ፈጀ። የኩሽኔታው ዋጋ ተራ ነገር ነው። 3 ቀን ሙሉ ግን ሠራተኛው በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ደመወዙ ይቆጠራል። ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ በዚያ ሳምንት አለቀ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለመለዋወጫ ሻጭም ይሠራል።

የከተማ ኪራይ ውድ የሚሆነው ይህን ሁሉ አብሮ ስለሚያከራይ ነው። መካኒኩን፣ ጠበቃውን፣ ትራንዚተሩን፣ የማታ ተማሪውን የሒሳብ ባለሙያ። አንድ ሰው ቢለቅባችሁ በሳምንት ሌላ ታገኛላችሁ። እሱም ቢባረር በሳምንት ሌላ ሥራ ያገኛል። ባለሙያ ትልቅ ከተማ የሚወደው ለዚህ ነው፤ አንድ ቀጣሪ ብቻ ባለበት ከተማ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ቁማር ነው።

ማን ከተማ ይሂድ? መንገድ ሰውና ወሬ የሚበላበት። ማማከር፣ ማስታወቂያ፣ ዲዛይን፣ ገንዘብ፣ ሕክምና። ሌላው የገዢው ድግግሞሽ ነው። ክሪስታለር የተባለ የጂኦግራፊ ምሁር በ1933 ደቡብ ጀርመንን አይቶ እንዳስረዳው፣ ሰው በየቀኑ የሚገዛው ነገር በየመንደሩ ይገኛል፤ በዓመታት አንዴ የሚፈልገው ግን ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ዳቦ ቤት በየሰፈሩ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና በትልቁ ከተማ።

ማን አይሂድ? መሬት የሚፈልግ፣ የሚሸት፣ የሚጮኽ፣ ከባድ መኪና የሚያስገባ። ብዙ ከተሞች ከባድ መኪና በቀን እንዳይገባ ይከለክላሉ። ሌሊት የሚያወርድ ጉልበት ሠራተኛ ደግሞ በቀኑ ዋጋ አይሠራም። እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ጥሩ መፍትሔ ቢሮውን ከተማ፣ መጋዘኑንና ማሽኑን የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ማድረግ ነው። ኩሽኔታው በዚያው ቀን ይደርሳል፣ ኪራዩም አይገድልም።

የሙያ መንደር

አሁን ወደምወደው መጣሁ። የሙያ መንደር ስል አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች የታጨቁበትን ቦታ ማለቴ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ምክንያቱን በሦስት ከፈለው። ሙያተኛ አንድ ቦታ ይከማቻል፣ አቅራቢው እሱን ተከትሎ ይመጣል፣ የሙያው ምሥጢር ደግሞ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ልጆች ሳይታወቃቸው ይማሩታል።

ሲያልኮትን እዩ። ፓኪስታን ውስጥ ከካራቺ ወደብ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ያለች ከተማ ናት። እስካሁን ባልነው ስሌት ሁሉ መክሰር ነበረባት። ግን የዓለም ገበያ ላይ ከሚሸጠው የእግር ኳስ ብዙው እዚያ ይሠራል። የቀዶ ሕክምና መቀሶችና መቆንጠጫዎችም እንዲሁ። ቆዳውን የሚቆርጠው፣ የሚሰፋው፣ ብረቱን የሚቀጠቅጠው፣ የሚስለው፣ የሚያሽገው በተለያየ ቤት ነው፤ ሁሉም ግን ጎረቤት ነው። መንገዱ ሲያስመርራቸው ምን አደረጉ? ነጋዴዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያ ሠሩ። በ2007 ሥራ ጀመረ። ጂኦግራፊ ተሸነፈ ማለት ይከብደኛል። ወሬውና ሰው ከመንገዱ ስለበለጡባቸው የመንገዱን ዋጋ ከፈሉ ነው የምለው።

የዳልተን ታሪክ ደግሞ ያስቃል። የአሜሪካ ምንጣፍ አብዛኛው የሚመረተው በጆርጂያ ግዛት ዳልተን ከተማና አካባቢዋ ነው። ለምን እዚያ? በ1895 ካትሪን ኢቫንስ የምትባል ልጅ እግር ለሠርግ ስጦታ የአልጋ ልብስ ጠልፋ ሠራች። ሰው ወደደው። ጎረቤት ተማረ። ከአልጋ ልብስ ወደ ምንጣፍ ተሸጋገሩ። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ፖል ክሩግማን በ1991 ይህን ታሪክ እንደ ማስረጃ አቅርቦታል። ወደብ የለም፣ ማዕድን የለም፤ አንድ የአልጋ ልብስ ብቻ። ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው ይኸው ነው። አንዴ ክምችቱ ከተፈጠረ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ብቻውን መጀመር ለማንም አያዋጣም።

ስለዚህ ሥራችሁ የሙያ መንደር ያለው ከሆነ ለመግባት የሚያስፈራው ነገር ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጋነናል። "ተፎካካሪ በዛ" ይባላል። ተፎካካሪ የበዛበት ቦታ ገዢም የሚመጣበት ነው። ገዢ አንድ ሱቅ ለማየት አይደክምም፤ 50 ሱቅ ያለበት ጎዳና ግን ይሄዳል።

እውነተኛው ጉዳት ሌላ ነው። አንደኛ፣ ያሠለጠናችሁት ሠራተኛ ከአጥር ማዶ በትንሽ ጭማሪ ይወሰድባችኋል። እናንተም ትወስዳላችሁ፤ ሒሳቡ ይጣጣል ብላችሁ ተስፋ አድርጉ። ሁለተኛ፣ አንድ መዓት ሁሉንም አንድ ላይ ይመታል። በ2011 ታይላንድ ውስጥ ጎርፍ የአዩታያን አካባቢ የኢንዱስትሪ መንደሮች ሲያጥለቀልቅ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ በመላው ዓለም ተወደደ። አምራቾቹና የዕቃ አቅራቢዎቻቸው ጎን ለጎን ነበሩና። የሙያ መንደር ስትገቡ ሜዳው የቀድሞ ወንዝ መፍሰሻ አለመሆኑን አረጋግጡ።

ድንበርና ነጻ ቀጠና

የግብር እፎይታ ሰውን ቶሎ ያሳውራል። ቻይና በ1980 ሼንዠንን ልዩ ቀጠና ስታደርግ ከደጇ ሆንግ ኮንግ ነበረች። ዡሃይ ከማካዎ ጎን ናት። ሺያመን ፊቷ ወደ ታይዋን ነው። ማለትም ቀጠናዎቹ የተሰየሙት ገንዘብና ወደብ ያለው ጎረቤት ፊት ለፊት ነው። ሜክሲኮም በ1965 የድንበር ኢንዱስትሪ ፕሮግራም ስትጀምር ቲዋናና ሲውዳድ ሁዋሬስን የጠቀማቸው አጥር ማዶ ያለው የአሜሪካ ገበያ ነው።

እና ቀጠና ስትመርጡ እፎይታውን ከሒሳቡ አውጥታችሁ አስሉት። ያለ እፎይታው ቦታው ያዋጣል? ካላዋጣ ተዉት። እፎይታው ያበቃል፣ ርቀቱ ግን አያበቃም። ድንበር ከሆነ ደግሞ በአንድ ሌሊት መግለጫ ሊዘጋ እንደሚችል አትርሱ።

ርቆ መሄድ

ኢንተርኔት መጥቷል፣ ቦታ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ፌስቡክ በ2013 ስዊድን ውስጥ ሉሌዮ ላይ፣ ከአርክቲክ ክበብ ብዙም ሳይርቅ፣ የዳታ ማዕከል ከፍቷል። ብርዱ ማሽኑን ያቀዘቅዛል፤ ወንዙ ኃይል ይሰጣል፤ ምርቱ በመስመር ይሄዳል። ግን ልብ በሉ፤ ይህም የጂኦግራፊ ምርጫ ነው። የአሉሚኒየሙ ስሌት ነው፣ ዕቃው ብቻ ተለወጠ።

የሕንዷ ባንጋሎርም ትነሣለች። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት በ1985 እዚያ ገብቶ ሥራውን በሳተላይት መላክ ሲጀምር ወደብ አላስፈለገውም። ግን ለምን እዚያ? የሕንድ የሳይንስ ተቋም ከ1909 ጀምሮ እዚያ አለ፤ የአውሮፕላን ፋብሪካውም ከ1940 ጀምሮ። መሐንዲሱ አስቀድሞ ነበር። ዕቃ የማያጓጉዝ ሥራ ከቦታ ነጻ አይወጣም፤ ከወደብ ወደ ሰው ነው የሚዞረው። ቡድናችሁ በሙሉ ልምድ ያለውና እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ከሆነ ርቃችሁ ብትሠሩ ግድ የለም። ገና ጀማሪ የምታሠለጥኑ ከሆነ ግን እኔ ከተማ ነው የምለው። ጀማሪ የሚማረው ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ነው።

ሁለት ቦታ እኩል ሲሆኑባችሁ

ስሌቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ያደርሳችሁና ይቆማል። ያኔ እኔ የምሠራው የመጥፎ ቀን ሒሳብ ነው። አማካይ ወጪውን ተዉት። መንገዱ የተዘጋ ዕለት፣ ማሽኑ የቆመ ዕለት፣ ዋናው ባለሙያ የለቀቀ ዕለት በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ቀን ትቆማላችሁ? ሦስቱን መስመር ለሁለቱም ቦታ ጻፉ። ብዙ ጊዜ በኪራይ እኩል የነበሩት ቦታዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ከዚያ ቦታውን ሂዳችሁ እዩ። በደላላው መኪና አትሂዱ፤ እሱ ጥሩውን መንገድ፣ ጥሩውን ሰዓት ያውቃል። የእናንተ ዓይነት ጭነት የያዘ መኪና ፈልጉና ጋቢና ተሳፈሩ። ሹፌሩን የት የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚያስቆሙት፣ በዝናብ ወር በየትኛው ድልድይ ዞሮ እንደሚሄድ ጠይቁት። ወደዚያ ቦታ ጭነት ሲባል ዋጋ የሚጨምር ከሆነም ለምን እንደሆነ ይነግራችኋል።